የሐሙስ ልብ

ፍሬማ በአምባር ቤት ልትቀጠር የመጣች ቀን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ወረቀት የሚቀመጥበት ክፍል ጣሪያው ያፈሳል?"

የቤቱ ኃላፊ ኢንጂነር ታቺ ሳቀ። "ማዳም፣ እኛ ዘንድ ወረቀት የለም። ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ነው።"

"እንግዲያው እንዲኖር አደርጋለሁ" አለችው፤ ቀና ብላም ጣሪያውን አየች።

ይህን ያለችው እንዲሁ ለአመል አልነበረም። ከዚያ በፊት አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ሠርታለች። በመጨረሻው ዓመት ዝናብ በተቀደደ ቆርቆሮ ገብቶ መዝገቦቹን አበሰበሳቸው፤ አስተዳደሩም ግቢ ውስጥ አስከምሮ አቃጠላቸው። አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። ቁጥሩን የምታውቀው እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ብቻዋን ተቀምጣ ስለቆጠረቻቸው ነው። በማግስቱ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን አስገባች።

የተወለደችው ከኩማሲ ወጣ ብላ ባለችው ማምፖንግ ነው፤ ቅዳሜ ቀን። በአገሩ ልማድ ቅዳሜ የተወለደች ሴት ሁሉ አማ ስለምትባል ሙሉ ስሟ አማ ፍሬማ ነው። አባቷ የካካዎ ሚዛን ጸሐፊ ነበሩ፤ መስመር ሳያሰምሩ አንድ ቃል አይጽፉም። እሷም ሌጎን ዩኒቨርሲቲ ሄዳ የመዝገብ አያያዝ ተምራ ስትመለስ ከአባቷ የተማረችውን በዲፕሎማ አጸደቀችው እንጂ አዲስ ነገር አላመጣችም፤ ይህን የምትለው ራሷ ናት። ቤዲያኮ የተባለ የጂኦግራፊ መምህር አገባች። አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ልጅቷ ዛሬ ታኮራዲ ወደብ ላይ ትሠራለች።

አምባር ቤት የሰፈሩ ሰው ያወጣው ስም ነው። የድርጅቱ እውነተኛ ስም ረጅም ነው፤ ሰሌዳው ላይ ብቻ ይነበባል። ኩማሲ ከተማ፣ ኦፎሪክሮም ሰፈር ውስጥ፣ ከጎማ ሻጩ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሃያ ሁለት ሰዎች ይሠሩበታል። ከመካከላቸው ስምንቱ ጥፍር በምታህል ሰሌዳ ላይ ሽቦ ሲበይዱ ይውላሉ። አራት ሴቶች ሰማያዊውን ማሰሪያ ይሰፋሉ። አምባሩ እጅ ላይ ሲታሰር የልብ ምትን፣ እርምጃንና እንቅልፍን ያዳምጣል፤ የሰማውንም ማታ ማታ በስልክ ወደ ቢሮው ይልካል። ፍሬማ ከሰው እጅ የመጣውን ሁሉ በቁጥርና በቀን ታስቀምጣለች።

ታቺ የቤዲያኮ ተማሪ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሃያ አምባሮች አንዱን በገዛ እጁ ለመምህሩ አሰረለት። ቤዲያኮ አሥራ አራት ወር አጥልቆታል። በመጋቢት ወር በአንድ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ መብራት ሳይጠፋ ኃይል ልሙላበት ብሎ ከእጁ አወለቀውና ሶኬቱ ላይ ሰካው። ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ፍሬማ ገንፎውን ይዛ ብትገባ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ አገኘችው። መዝገቡ ዛሬም አለ። አሥራ አራት ወር ሙሉ የተጻፈ ነው፤ ከዚያ አርባ ደቂቃ ባዶ፤ ከዚያ ምንም።

ታቺ ከዚያ ወዲህ እሷ ፊት ስለ ባትሪ አያወራም።

*

በዚያው ዓመት አምባር ቤት ጥናት ጀመረ። ስድሳ አምባር ለስድሳ ሰው ተሰጠ፤ ሦስት ወር ያጠልቁታል፤ ከዚያ አምባሮቹ ተሰብስበው ሪፖርቱ ለጤና ባለሥልጣን ይቀርባል። መንግሥት ከፈቀደ አምባሩ በየጤና ጣቢያው ይገባል። ሠላሳ አንደኛው አምባር አሳፎ ገበያ ደረሰ። መዝገቡ፣ "ቲዋ፣ ዕድሜ ሃምሳ ሁለት፣ የጭስ ዓሣ ነጋዴ" ይላል።

ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የሳምንቱን አማካይ ነው። በአማካዩ መሠረት ቲዋ ትንሽ ደከም ያላት፣ አለዚያ ደህና የሆነች ሴት ናት። ፍሬማ ግን አማካይ አትወድም። ጥናቱ ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት፣ የሠላሳ አንድን እያንዳንዱን ቀን ለየብቻ አትማ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። እሑዶቹን በአንድ ረድፍ፣ ሰኞዎቹን በሌላ፣ እንዲያ እያለች እስከ ቅዳሜ።

ሰፊዎቹ ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ተሳሳቁ።

"ማዳም ፍሬማ፣ በርበሬ ነው የምታሰጪው?"

"ሳትረግጡ እለፉ።"

ተንበርክካ አየች። የሰኞዋ ሴት ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ሦስት ፎቅ ትወጣለች፤ አሥራ አንዱንም ሰኞ። የማክሰኞዋ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ትነሣለች። የረቡዕዋ እንቅልፏ የቆራረጠ ነው፤ የሚያጠባ ሕፃን ያላት ትመስላለች። የዓርብዋ ከምሳ በኋላ ታንቀላፋለች። ቅዳሜ ባዶ ነው፤ አሥራ አንዱም ቅዳሜ ባዶ። ሐሙስ ላይ ስትደርስ እጇ ወረቀቱ ላይ ቀረ። የሐሙሱ ልብ ይሮጣል፤ ይሰናከላል፤ ዝም ይልና ደግሞ ሁለት ሦስቱን በአንድ ላይ ይመታል። ከአሥራ አንዱ ሐሙስ አንድም ደህና አልነበረም። የቅርቦቹ ይብሳሉ።

ማሽን እንዲህ አይሳሳትም፤ ቀን መርጦ የሚበላሽ ማሽን የለም። ፍሬማም የማምፖንግ ልጅ ናትና ነገሩ ገባት። እዚህ አገር ሰው የተወለደበት ቀን የነፍሱ ቀን ነው። በዚያ ቀን ነጭ ይለብሳል፤ ከጠብ ይርቃል፤ ለራሱ የሚያደርገውን መልካም ነገር ለዚያ ቀን ያቆየዋል። የዓሣ ሻጮቹ አንድ አምባር ቢሰጣቸው አንዷ ብቻዋን ልታጠልቀው አልሆነላትም። እንደ እቁብ አዟዟሩት፤ ተራውንም በነፍስ ቀን አወጡት። ይህ አንድ ሰው አልነበረም። ስድስት ሴቶች ናቸው። ከስድስቱ አንዷ፣ ሐሙስ የተወለደችው፣ ልቧ ሊጥላት ነው።

*

ማክሰኞ ጠዋት ቲዋን አስጠራቻት። ቲዋ ከነዓሣ ሽታዋ፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣ እየተነጫነጨች ደረጃውን ወጣች።

"ዓሣዬን ለድመት አደራ ሰጥቼ ነው የመጣሁት። ቶሎ በይ።"

ፍሬማ አምባሩ የታሰረበትን እጇን ያዘችና የግድግዳውን ሰዓት እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ስድሳ ስምንት፤ አንዷም አልዘለለች።

"ልብዎ ደህና ነው፣ ማሜ ቲዋ" አለቻት፤ ማሜ የእናት መጠሪያ ነው።

"ይህን ልትነግሪኝ ነው? እኔ ድሮም አውቀዋለሁ።"

"ትናንት አምባሩ የት ነበር?"

"እጄ ላይ ነዋ! የት ይሆናል?"

"ትናንት በአሥር ሰዓት እጅዎ ሦስት ፎቅ ወጥቷል።"

ቲዋ ዐይኗን አላርገበገበችም። "እጄ የሚሄድበትን ሁሉ አይነግረኝም።"

ፍሬማ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። "ሐሙስስ? ሐሙስ ማን ናት የምታስረው?"

የቲዋ ፊት እንደ ሱቅ መዝጊያ ወረደ። "ሐሙስ የሚባል ቀን አላውቅም" ብላ ተነሣች። ደረጃው ላይ ሆና ግን ዞር አለች። "ልትቀሙን ነው? በእውነት ንገሪኝ። ልትቀሙን ነው አይደል?"

ፍሬማ መዋሸት አትችልበትም። "ዓርብ ሁሉም ይሰበሰባል" አለች።

ከሰዓት በኋላ ለታቺ ወረቀቶቹን አሳየችው። ታቺ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲጨነቅ ጆሮውን ያሻል። አሁንም ጆሮውን እያሸ ረጅም ጊዜ አየ።

"ማዳም፣ አንድ አምባር አንድ ሰው ነው። ስድስት ሰው አጥልቆታል ብለን ብንጽፍ ሌሎቹንስ ማን ያምነናል? ሠላሳ አንድን እንሰርዘው። አንድ መስመር ነው።"

"ይህቺ ሴት ልትሞት ትችላለች።"

"ይገባኛል። ግን ማን ናት? ለሆስፒታል ምን ብዬ ልደውል? ሐሙስ የሚባል በሽተኛ አለን ልበል?"

"ማን እንደሆነች ስለማናውቅ ነዋ የማይሰረዘው! ዓርብ አምባሩ ከተወሰደ በምን እናገኛታለን? በዚህ ገመድ ነው የያዝናት።"

"ማዳም ፍሬማ…"

"አንድ ባዶ ቦታ አለኝ፣ ታቺ" አለችው በስሙ፤ ቢሮ ውስጥ በስሙ ጠርታው አታውቅም። "ሁለተኛ አልጨምርም።"

ታቺ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከታች ጎማ ሻጩ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል። "እስከ ዓርብ" አለ በመጨረሻ። "እስከ ዓርብ አልነካውም።"

*

ረቡዕ ገበያ ወረደች፤ ስህተቷንም ሠራች።

ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት እስኪሞላ ጥቁር ትለብሳለች። ፍሬማም ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ፣ ወረቀቶቿን በብብቷ ይዛ በዓሣ ሻጮቹ ረድፍ ስትገባ ጨዋታው ሁሉ ቀጥ አለ።

"ማን ሞተ?" አለች አንዷ።

"ማንም አልሞተም። አንድ ሰው ፈልጌ ነው። ከእናንተ ሐሙስ የተወለደችው ማን ናት? ያአ የምትባለው?"

የአሥራ አንድ ሴቶች ራስ በአንድ ጊዜ ዞረ። ከዓሣው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ።

"የትኛዋን ያአ? ወፍራሟን ነው፣ አንካሳዋን ነው፣ ወይስ ባሏን ያባረረችውን?"

"ባሌን አላባረርኩም፤ ራሱ ነው በሩን የሳተው!"

"አምባሩን ሐሙስ ሐሙስ የምታስረዋን" አለች ፍሬማ። ሳቁ ቀነሰ። እሷ ግን ቀጠለች፤ ድምፅዋንም ከፍ አደረገች። "ታማለች። በጣም ታማለች። ሆስፒታል ካልሄደች ትወድቃለች!"

ሴቶቹ ዐይናቸውን ወዲያና ወዲህ አሸሹ። ከዚያ አሥራ አንዱም ያአዎች ጠረጴዛው ላይ እጃቸውን ዘረጉላት። "ነይ፣ ቁጠሪ። በሽተኛ ካገኘሽ ውሰጃት።" ፍሬማ አንድ በአንድ ቆጠረች። እያንዳንዷ እጇን ስትሰጥ የምትለው አላጣችም፤ "አርግዣለሁ እንዴ?"፣ "ስንት ዓመት ቀረኝ?"፣ "ቀስ በይ፣ ባሌ ይቀናል!" አሥራ አንዱም ልቦች ደህና ነበሩ።

"ጨረስሽ?" አለች ቲዋ ከኋላዋ መጥታ። አሁን አትቀልድም። "ጥቁር ለብሰሽ ገበያችን መካከል ቆመሽ ሕመም ትጠሪብናለሽ? ሬሳ ፈልገሽ ከሆነ ተሳስተሻል። እዚህ ያለው የሞተ ነገር ዓሣ ብቻ ነው። ሂጂ።"

ፍሬማ ወጣች። የገበያው በር ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። መዝገብ የሚጠብቅ ሰው የተጻፈውን ብቻ አይደለም የሚያየው። እዚያ ረድፍ ውስጥ "ታማለች" ስትል ሴቶቹ ወዴት እንዳዩ አስታወሰች። አንዷ ጣሪያውን፣ አንዷ ቢላዋዋን፣ አንዷ እግሯን አየች። ማንም ያላየው አቅጣጫ አንድ ብቻ ነበር፤ የረድፉ መጨረሻ፣ ከፍ ያለ ወንበር ያለበት ቦታ። ወንበሩ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ቀኝ እጃቸውን ከቆጠራ እንደሚሸሽ ሰው በልብሳቸው ሸፍነው ተቀምጠው ነበር።

ናና አቺያ፣ የዓሣ ሻጮች ንግሥት። ጠብ የሚያበርዱ፣ ሚዛን የሚያስተካክሉ፣ ከሹፌሮች ጋር የሚከራከሩ እሳቸው ናቸው። ንግሥት ታመመች አይባልም። በአደባባይ አይባልም፤ በሹክሹክታም አይባልም። አንድ ንጉሥ ቢሞት እንኳ "ወደ መንደሩ ሄደ" ነው የሚባለው። እሷ ግን ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስባ ትወድቃለች ብላ ጮኸች። ሌጎን ድረስ ሄዳ የተማረች ሴት፣ እናቷ ማድ ቤት ያስተማረቻትን ረሳች። መንገዱን በሙሉ ፊቷ እየጋለ ሄደች።

*

ሐሙስ ሲነጋ ቁም ሣጥኗን ከፈተች። ሐሙስ የናና የነፍስ ቀናቸው ነው፤ በነፍሷ ቀን ንግሥት ፊት በሐዘን ልብስ አይቀረብም። የፍሬማ የሐዘን ዓመት ሊሞላ ደግሞ አምስት ወር ይቀረዋል። የባሏ እህቶች ያዩ እንደሆነ ምን እንደሚሉ ታውቃለች፤ "አልጠበቀችም" ይሏታል፤ ይህን ደግሞ እስክትሞት አይረሱላትም።

ነጩን ልብስ አውጥታ ለበሰች። ግድግዳው ላይ ባለው የቤዲያኮ ፎቶ ፊት ቆመች። "ለአንድ ጠዋት ነው" አለችው። "ከዚያ እመለሳለሁ።"

ለእጅ መንሻ አንድ ጠርሙስ ጂን ገዝታ በሁለት እጇ ይዛ ገበያ ገባች። ቲዋ ከሩቅ አየቻት። የንግሥቲቱ አፈ ንግሥት ቲዋ ናት፤ ወደ ናና የሚሄድ ቃል ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው።

"ትናንት ጥቁር፣ ዛሬ ነጭ" አለች ቲዋ። "ምነው፣ ባልሽ ተነሣ?"

ፍሬማ ጠርሙሱን እንደያዘች አንድ እርምጃ ቀረበች። ከረድፉ መጨረሻ የመቋሚያ ድምፅ አንድ ጊዜ ተሰማ፤ ቲዋም አንገቷን ደፋች። ናና አቺያ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሰማያዊው አምባር እጃቸው ላይ አለ።

ፍሬማ ጠርሙሱን አስረከበች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ናናን ሳይሆን ቲዋን እያየች ተናገረች።

"ማሜ ቲዋ፣ ለናና ይንገሩልኝ። ትናንት አፌ ስቷል፤ ይቅርታ ልጠይቅ መጥቻለሁ። ደግሞ ስለ ዕቃችን ልናገር ነው የመጣሁት። ከእኛ ቤት የወጣው አምባር ታሟል።"

ቲዋ አንድ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ናና ዞራ፣ "ናና፣ ዕቃው ታሟል ትላለች" አለች።

ናና ቅንድባቸውን አነሡ። "የት ነው የሚያመው? ጠይቂያት።"

"የት ነው የሚያመው?"

"እሑድ ደህና ነው፤ ሰኞም ማክሰኞም ደህና ነው። ሐሙስ ሐሙስ ይታመማል። ሳይሮጥ ያለከልካል። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሰናከላል። ሌሊት ተኝቶ ድንገት ይነሣል።"

ሴቶቹ ሁሉ ዓሣ የሚቆጥሩ መሰሉ። ማንም ግን አይቆጥርም ነበር።

"ደረጃ ሲወጣስ?" አሉ ናና፤ ቲዋ እስክትደግመው እንኳ አልጠበቁም።

"ደረጃ ሲወጣ መካከል ላይ ይቆማል። ሰው እንዳያውቅበት አላፊ አግዳሚውን ሰላም የሚል ይመስላል።"

ከረድፉ አንዷ የታፈነ ሳቅ አመለጣት፤ ናናም ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግ አሉ። "ፈሪ ዕቃ ነው በያት።"

"ፈሪ አይደለም" አለች ፍሬማ። "ደክሞታል። ብዙ ሰው ተሸክሞ ነው የደከመው። የሚያክመው ሐኪም አለ፤ መድኃኒቱም አለ። ቶሎ ካልታከመ ግን ደም ውስጡ ጓጉሎ ወደ ራስ ይወጣል፤ ያን ጊዜ አፍም ክንድም አይታዘዝም። ሆስፒታል መሄድ አለበት። ግን ብቻውን አይሄድም፣ ማሜ ቲዋ። የታሰረበት ክንድ ያስፈልገዋል። ናና ክንዳቸውን እንዲያውሱት ልለምን ነው የመጣሁት።"

ቲዋ ወደ ናና ዞረች። እንባዋ መጥቶባት ነበር።

ናና አቺያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ፤ በአፈ ንግሥታቸው በኩል ሳይሆን በቀጥታ ፍሬማን አናገሯት።

"ልጄ፣ ባልሽ ምን ሆኖ ሞተ?"

ፍሬማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። "አላውቅም፣ ናና" አለች። "አምባር ነበረው። ኃይል ሊሞላበት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ አወለቀው። ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ገባሁ። መካከል ያለው አርባ ደቂቃ የለኝም። ተሰቃይቶ ይሁን፣ ጠርቶኝ ይሁን፣ አላውቅም። ሌላው ሁሉ አለኝ፤ አሥራ አራት ወር ሙሉ። እሱ ብቻ የለኝም።"

ናና ክንዳቸውን ገልብጠው አምባሩን አዩት፤ እንደ ታመመ ሕፃን። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሁለት ሴቶች ሊደግፏቸው ሲሮጡ በእጃቸው ከለከሉ።

"መኪና ጥሩ" አሉ። "የሰው ዕቃ እጄ ላይ ሊሞት አይገባም። ላሳክመው።"

ሆስፒታል በር ላይ ዘጠኝ ሴቶች በአንድ መኪና ተጨናንቀው ደረሱ፤ ግቢው ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ነርሷ ወረቀቷን ይዛ መጣች።

"በሽተኛዋ ማን ናት?"

"በሽተኛው አምባሩ ነው" አለች ቲዋ።

ነርሷ አምባሩን አየች፤ ዘጠኙን ሴቶች አየች፤ ነጭ የለበሱትንም ሴትዮ አየች። የኩማሲ ልጅ ናትና ሌላ ምንም አልጠየቀችም። "አምባሩ በዚህ በኩል ይግባ" አለችና ናናን አስቀደመች።

ሐኪሙ የልባቸውን ምት በማሽን አንሥቶ ሲያይ ወዲያው አስተኛቸው። ዘጠኝ ቀን ቆዩ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ገበያ ውስጥ ናና የት ናቸው ብሎ ለጠየቀ ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ "ወደ ዪጂ፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ሊያመጡ ሄደዋል።" ጠያቂውም፣ "መንገዱ እንዴት ነው?" ይላል። "ዛሬ ይሻላል" ይሉታል። "እንቅልፍ አለ መንገዱ ላይ?" ይላል ሌላው። "ትናንት ደህና ተኝቷል።" በአሥረኛው ቀን ናና መድኃኒታቸውን በመቀነታቸው ይዘው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ከዪጂ ግን አንድም ዓሣ አላመጡም። የጠየቀ የለም።

*

ሪፖርቱ ሄደ። ሠላሳ አንድ ከስድሳው ቁጥር ወጣ፤ ይህን ፍሬማም አልተከራከረችም፤ ትክክል ነውና። ነገር ግን አልተሰረዘም። ከሪፖርቱ ጀርባ አንድ ገጽ ተጨምሮ፣ ስድስት መስመር ተሰምሮበት፣ በየመስመሩ አንድ ቀን ተጽፎበት ተያያዘ። ሐሙስ ትይዩ፣ "ወደ ሕክምና ተልካለች፤ በሕይወት አለች" ይላል። ጽሑፉ የፍሬማ ነው። ከሥሩ ያለው ፊርማ የታቺ ነው። በኋላ ላይ ያችን ገጽ ያነበቡት የጤና ባለሥልጣኑ ሰዎች ከሌላው ሁሉ ይልቅ ስለ እሷ ጠየቁ። ታቺ አሁን አንዱን አምባር ለብዙ ሰው በየስሙ የሚቆጥር አድርጎ እየሠራ ነው፤ ሳይወልቅ ኃይል የሚሞላበት ባትሪም ሠርቷል። ስለ ባትሪው ለፍሬማ የነገራት ግን በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ በመተው ነው።

የመጀመሪያውን እንዲህ የተሠራ አምባር ለዓሣ ሻጮቹ ሰጡ። ጥናት አይደለም፤ የራሳቸው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በአንድ ዓርብ፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል፣ ቲዋ ደረጃውን እያማረረች ወጣች። ከኪሷ አምባሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ተበላሸ?" አለች ፍሬማ። ጥቁሯን ለብሳለች፤ ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው መልሳ የለበሰችው።

"ምን ይበላሻል! ናና ናቸው የላኩኝ። ቅዳሜ የነበረችን አማ አምና ሞታብናለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን ማንም አልነካትም። ናና ግን፣ 'ባዶ ቦታ የማትወድ አንዲት አማ አውቃለሁ' አሉ።"

"እኔ መዝገብ የምይዝ ነኝ፣ ማሜ ቲዋ። የሚይዘው ሰው ራሱ አይመዘገብበትም።"

"ማን ከለከለ?"

ጥናቱ አልቋል፤ የከለከለ አልነበረም።

"ስለዚያ ቃል ደግሞ" አለች ቲዋ ወደ መስኮቱ እያየች፣ "ስለ ባልሽ ስለተናገርኩት። አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሣው።"

"ማሜ ቲዋ፣ ሌሊት በአሥር ሰዓት የሚነሡት እርስዎ ነዎት። አፍዎ ከዚያም ይቀድማል?"

ቲዋ ሳቀች፤ ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። አምባሩን አንሥታ ራሷ አሰረችላትና ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ፍሬማ ከሁሉም ቀድማ ገባች። የቅዳሜውን ወረቀት አተመችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሌላ ቦታ አላየችም። ጣቷን አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ሄደች። መስመሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አንዲት ሴት ተነሥታ ገንፎ እያማሰለች ነው። ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ስትደርስ ቆመች። አርባ ደቂቃ፤ አንዲትም አልጎደለች።

ቀኑን ጻፈችበት፤ ከቤዲያኮ መዝገብ ጀርባ አያይዛ መሳቢያው ውስጥ አስገባችው፤ ጣሪያውንም ቀና ብላ አየች።